በኢልዋድ ስም

ኢልዋድ አዋሌ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞተው፤ እናቷ ቀፊራ ገበያ ልብስ እየሸጠች አሳደገቻት፣ ኮምፒውተር ሳይንስም አስተማረቻት። ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ስትውል የአባቷ ወንድም ዋርሳሜ ከሐርጌሳ ደወለ። «የወንድሜ ልጅ የሰው ደጅ ስትጠና እየሰማሁ ዝም አልልም» አለ። አስመጣት። 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ለቀቀላት፤ ምግብ ከሚያስመጣ አንድ ትልቅ ድርጅት ዘንድም ራሱ ዋስ ሆኖ አስቀጠራት። በሶማሌ ወግ አጎት የወንድሙን ልጅ «አዴር» ብሎ ይጠራታል፤ እሷም መልሳ «አዴር» ትለዋለች። በዚያች በአንዲት ቃል እየተጠራሩ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ።

ሥራዋ የድርጅቱን ሲስተም መጠበቅ ነው። ሩዙ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ የዱቄት ወተቱ በበርበራ ወደብ ገብቶ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ካለው መጋዘን ይራገፋል። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ፈቀደ የሚለው ሁሉ ደግሞ ዋሄን ገበያ አጠገብ ባለው ቢሮ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ሲስተሙን የተከለው ከውጭ የመጣ አማካሪ ነበር። ኢልዋድ በተቀጠረች በሳምንታት ውስጥ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲበላሽ የምትጠግነው፣ ሲረሱ የይለፍ ቃል የምትቀይርላቸው እሷ ብቻ ሆነች። ሶማሊኛዋ አማርኛ ጣል ጣል ስለሚልበት የቢሮው ሰዎች ሲቀልዱ «ሐበሻዋ» ይሏታል። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግራቸው ግን «ኢልዋድ፣ እህቴ» ነው።

ነገሩ የመጣው በወተቱ ነው።

አንድ ኮንቴይነር የሕፃናት ዱቄት ወተት ወደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ገባ። የድርጅቱ የጥራት ተቆጣጣሪ ሮዳ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ፣ ያልገባትን ነገር ሦስቴ የምትጠይቅ ሴት ናት። ሮዳ ጥቂት ቆርቆሮዎች ከፍታ አሸተተች፣ አልወደደችውም። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከችና ጭነቱን ሲስተሙ ላይ «ታግዷል» አለችው። የታገደ ጭነት እግዱ እስኪነሣ ድረስ ከመጋዘን አይወጣም፤ ሕጉ ይኸው ነው።

የላቦራቶሪው ውጤት ሳይመጣ ወተቱ ዋሄን ሱቆች ውስጥ ተገኘ። መጀመሪያ አንድ ነጋዴ «ጓጉሏል» ብሎ መለሰ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ሐኪም ቤት ሄደች። ልጁ አስመለሰው፣ አስቀመጠው፣ አልሐምዱሊላህ ዳነ። ወሬው ግን ገበያውን ዞረው፤ ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላኩ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ እግዱን ማን አነሣው?

ሲስተሙ ተጠየቀ። «ኢልዋድ አዋሌ» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ኢጋል ቢሮው አስጠራት። ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙን በሂና አቅልቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሲቆጣም ድምፁን የማያነሣ። የኮምፒውተሩን መስኮት ወደ እሷ አዞረው።

«ይህ ያንቺ ስም ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ?»

ኢልዋድ ስሟን አየችው። አጠገቡ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች ለማስታወስ ሞከረች፤ ማንኛውም የሥራ ቀን ነበር፣ ምንም የምትይዘው ነገር አላገኘችም። «እኔ የጭነት እግድ አንሥቼ አላውቅም» አለች። «ያን ገጽ የምከፍተው ሲበላሽ ለመጠገን ብቻ ነው።»

«እኔ አላልኩም እኮ፣» አለ ኢጋል ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ፣ «እሱ ነው ያለው። ይህ ጉዳይ እስኪዘጋ ከከተማ እንዳትወጪ።»

በሚቀጥለው ሳምንት እናቷ ድሬዳዋ ላይ ዓይኗን በቀዶ ጥገና ልትታከም ነው። ሞራ ነው፣ ብዙም አያስፈራም ብለዋታል፤ ግን እናቷ ከሷ ሌላ ልጅ የላትም፣ ኢልዋድም እመጣለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ይህን ለኢጋል ነገረችው። «ኢንሻአላህ እስከዚያ ያልቃል» አለና መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ፤ ውጪ ማለቱ ነው።

ያን ቀንና በማግሥቱ ከወንበሯ አልተነሣችም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ የጠረጠረችው ሰው ነበር፤ የይለፍ ቃሏን የሰረቀ ሰው። ሴሽኖቹን አንድ በአንድ አየች። ሴሽን ማለት አንድ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከገባበት እስኪወጣ ድረስ ያለው ቆይታ ነው፤ ሲስተሙ በዚያ ቆይታ ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ በዚያ ሰው ስም ይጽፋል። በዚያች ሰዓት በኢልዋድ ስም የገባ ሰው የለም። ማንም አልገባም። ነገር ግን በኢልዋድ ስም ሥራ ተሠርቷል።

ማንም ሳይገባ የሚሠራ ምን አለ ብላ ስታስብ ነው ነገሩ የተገለጠላት። በየሰዓቱ በራሱ የሚነሣ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ሰነድ የተሟላላቸውን ጭነቶች የሚያስተካክል። አማካሪው ጽፎት የሄደ ነው። በአምስት ዓመት አንድም ቀን አስቸግሮ ስለማያውቅ ከፍታ አንብባው አታውቅም። አሁን ከፈተችው።

እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምር ይጠይቃል፦ አሁን ሴሽኑ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ማነው? በራሱ የሚነሣ ስለሆነ መልሱ ሁልጊዜ «ማንም» ነው። ሲስተሙ ደግሞ ማንም የሚለውን አይቀበልም፤ ለሚሠራው ሥራ ሁሉ ባለቤት ይፈልጋል። ስለዚህ አማካሪው ከሥር አንድ መስመር ጨምሯል፦ ማንም ከሌለ ተጠቃሚ ቁጥር 1043ን ውሰድ። አጠገቡ በእንግሊዝኛ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ አለ።

1043 ኢልዋድ ናት። በዚያ ሳምንት የተቀጠረች፣ ስሟ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የነበረ፣ ለሙከራ የምትመች አዲስ ልጅ።

ንባቧን ቀጠለች። ፕሮግራሙ ባለቤት ካገኘ በኋላ ሁለተኛ ነገር ይጠይቃል፦ ሰነድ ሲሟላ እግዱን በራሴ ላንሣ? መልሱን የሚወስደው ከሴቲንግ ነው። ሴቲንግ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ድርጅቱ በሙሉ የሚመራበት ከላይ ነው፣ የእያንዳንዱ ሰው የግል ፕሮፋይል ከታች ነው፣ የታችኛው ከተገኘ የላይኛው አይታይም። የድርጅቱን አየች፤ «አይ» ይላል። ትክክል ነው። የራሷን ፕሮፋይል አየች።

«አዎ» ይላል።

ማን ነው «አዎ» ያለው? ሲስተሙን ጠየቀችው። «ኢልዋድ አዋሌ» አለ። ቀኑን አየች፤ በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ ሰው የምትጠይቅበት ጊዜ። አማካሪው ለሙከራ የይለፍ ቃሏን ራሱ ሰጥቷት ነበር፤ ራሱም ያውቀዋል። እሱ ነው የገባው፣ እሱ ነው «አዎ» ያለው፣ የተጻፈው ግን እሷ ናት። በየትኛውም በር ብትገባ የምታገኘው ራሷን ሆነ።

ውጪ መውጣት ፈለገች። ጀነሬተሩ ያለበት ግቢ ጥግ ላይ ዓለምብርሃን ዘይት ይለውጣል። ዓለምብርሃን የጎንደር ሰው ነው፤ የድርጅቱን መብራትና ጀነሬተር የሚይዝ፣ ሐርጌሳ ከመጣ ብዙ የቆየ። ኢልዋድ በሥራ ሰዓት አማርኛ የምታወራው ከሱ ጋር ብቻ ነው። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። እየጠረገ አዳመጣት።

«እና አንቺ ሳትነኪው በየሰዓቱ አንቺ ነሽ የምትሠሪው?»

«በየሰዓቱ።»

«ተኝተሽም?»

«ተኝቼም።»

ጨርቁን ጀነሬተሩ ላይ ጣለ። ከዚያ «ይገርምሻል» አለ፣ «የኔን ስም የትም አልጻፉትም። ደሞዜን በእጄ ነው የሚሰጡኝ። ነገ ሂድ ቢሉኝ እዚህ ሠርቼ እንደማውቅ የሚናገር አንድ ወረቀት የለም። ያንቺን ደግሞ ሁሉም ቦታ ጽፈውታል። እኔ በየትኛው እንደምቀና አላውቅም።»

ኢልዋድ ቀና ብላ አየችው፤ የሚያሾፍ መስሏት ነበር፣ ግን አላሾፈም።

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፗን ይዛ ኢጋል ዘንድ ገባች። መስመሩን አሳየችው፣ 1043ን አሳየችው፣ «ለጊዜው» የሚለውን አሳየችው። ኢጋል በትዕግሥት አየ።

«እኔ ኮድ አላነብም» አለ በመጨረሻ። «ስም ነው የማነበው።»

«እንግዲያው በዓይንዎ ይዩት» አለች።

የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። ሮዳ መጋዘን ውስጥ ካለው፣ ሰነዱ ከተሟላለት ስኳር ጥቂት ጆንያ እንድታግድ። ኢልዋድ ላፕቶፗን ዘግታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንድትተው፣ ስልኳንም ጭምር፣ እና ሰዓቱ እስኪሞላ እፊቱ እንድትቀመጥ። ኢጋል ሻይ አስመጣ፣ የወተት ሻይ። አንዱን ለሷ ገፋላት። ስለ አባቷ አወራት፤ በልጅነቱ ያውቀው ነበር፣ ኳስ ይጫወት ነበር አላት። ኢልዋድ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች፤ ሻዩን እንኳ አልነካችም። እጆቿን ማንሣት ፈራች፤ ነገሩ የሆነው በእጆቿ ይመስል።

ሰዓቱ ሞላ። የሮዳ ስልክ መጣ። «የታገደው ስኳር ተለቋል» አለች ሮዳ።

ኢጋል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «እግዱን ያነሣው» ይላል፣ «ኢልዋድ አዋሌ።» ሰዓቱ ያን ጊዜ ነው። ኢጋል ኮምፒውተሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን እጆች አየ። ኢልዋድ ከወተቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ የገባላት መሰላት።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» አላት።

«እርስዎ። ሮዳም አሁን።» ዓለምብርሃንን አላነሣችም።

ኢጋል ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ስሚኝ፣ ልጄ» አለ። «አምኜሻለሁ። ወላሂ አምኜሻለሁ። ግን ለእነዚያ መርማሪዎች ምን ብዬ ልጻፍላቸው? አምስት ዓመት ሙሉ ሕዝቡ የበላውን ምግብ ማን እንደለቀቀው አናውቅም ልበል? ሩዙን ማንም፣ ዘይቱን ማንም? መጋዘኑን ያሽጉታል። እዚህ ቤት እንጀራ የሚበላው ስንት ሰው ነው? አንዲት ሠራተኛ ተሳሳተች፣ ገሠጽናት፣ ይቅር አልናት፤ ይህ ለማንም ይገባዋል። ሰው ይሳሳታል። ሲስተም ግን ባለቤት የለውም ከተባለ ማንም አይምረንም።»

«ግን አልተሳሳትኩም።»

«እኔና አንቺ እናውቃለን። አላህም ያውቃል» አለ። «ደሞዝሽ አይነካም፣ ሥራሽም አይነካም። አንድ ደብዳቤ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል፤ ያ ብቻ ነው። መርማሪዎቹ እስኪጨርሱ ኮዱን እንዳትነኪው። ካየነው የተለየ ነገር ካገኙ ደበቁ ይላሉ።»

ኢልዋድ ቆመች። ማስረጃ ስታጣ ነው ጥፋተኛ የምትባለው ብላ ነበር የምታስበው። ማስረጃውን አግኝታ፣ አሳይታ፣ ታምና ጥፋተኛ እንደምትባል አልጠበቀችም።

ማታ ቤት ስትደርስ አጎቷ ዋርሳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ደስ ብሎታል። ከዐስር ሶላት በኋላ ከኢጋል ዘመዶች ጋር ተቀምጠው፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ሽማግሌዎች ተነጋግረው፣ ነገሩ በሰላም አልቋል።

«ይቅር ብለውሻል፣ አዴር» አላት።

«ምን አድርጌ?»

ፊቱ ጨለም አለ። እንድትቀመጥ ምልክት ሰጣት። ኢልዋድ ቆማ ስለ ፕሮግራሙ ነገረችው፤ በየሰዓቱ ስለሚነሣው፣ ማንም ከሌለ እሷን ስለሚወስደው። ዋርሳሜ ልብ ብሎ ሰማት። ሞኝ ሰው አይደለም፤ ገባው።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ግን ያደረግሽውና ያላደረግሽው አይደለም አሁን ጉዳዩ። አንቺን እዚያ ያስገባሁት በቃሌ ነው። ዛሬ ይቅርታውን የተቀበልኩትም በቃሌ ነው፤ እጅ ጨብጫለሁ። ነገ ተነሥተሽ አልተሳሳትኩም ብትዪ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው? እነሱም እኮ አንቺን ለማዳን ነው የለፉት።»

«እኔን ሳይጠይቁ?»

«አዴር፣» አለ በጣም በቀስታ፣ «እኛ አንጠይቅም፣ እንይዛለን። ወንድሜ ሲሞት አንቺን ልያዝ ወይ ብዬ ማንን ጠየቅሁ?»

ክፍሏ ገባች። እናቷ ደወለች፤ ቀዶ ጥገናው ረቡዕ መሆኑን ልታስታውሳት። ኢልዋድ ሥራ በዝቶባት እንደማትደርስ ነገረቻት። እናቷ «ሥራሽ ይበልጣል፣ ልጄ፣ ጎረቤት አለ» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ተከፋ ታወቀባት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኢልዋድ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቆየች። ማልቀስ አልመጣላትም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ለሷ ሲባል የተደረገ ነው፤ ክፍሉም፣ ሥራውም፣ ይቅርታውም። የምትጣላው ሰው አጣች።

ረቡዕ እናቷ ዓይኗን ስትታከም ኢልዋድ ቢሮዋ ነበረች። ጎረቤታቸው «ወጥታለች፣ ደኅና ናት» ብላ እስክትደውል ምንም ሥራ አልሠራችም። ከደወለች በኋላም አልሠራችም። ዝም ብላ ኮምፒውተሩን ታያለች።

እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ሁሉ ለሷም «የግል ምርጫዎች» የሚል ገጽ አላት። ሰው እዚያ የሚገባው ቋንቋ ለመቀየር፣ የቀን አጻጻፍ ለመምረጥ ነው። ለሌሎች ስታስተካክል ኖራለች፤ የራሷን ገብታ አታውቅም። ከፈተችው። ወደ ታች ወረደች። አለ፤ «ሰነድ ሲሟላ እግዱ በራሱ ይነሣ» ይላል፣ ፊት ለፊቱ «አዎ»።

ኮዱን እንዳትነኪ ነው የተባለችው። ይህ ኮድ አይደለም። የሷ ነው፤ ስሟ የተጻፈበት፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠየቅበት የኖረ የራሷ መልስ ነው።

«አይ» አለችው። ሲስተሙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እርግጠኛ ነኝ አለችና ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት መሐመድ ሞጌ መጋዘን በር ላይ የጭነት መኪኖች ተሰለፉ። ሾፌሮቹ ጥላ ፍለጋ መኪናቸው ሥር ገቡ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጃማዕ ደወለ፤ ቸኩሏል።

«ሲስተሙ ቆሟል፣ ኢልዋድ።»

«አልቆመም» አለች። «ሰው እየጠበቀ ነው። ገጹን ክፈት፣ በስምህ ግባና ልቀቀው።»

«እኔ እግድ አላነሣም» አለ ጃማዕ። «ሮዳ ናት የምታነሣው። እስከ ዛሬም እሷ ናት።»

ሮዳን ጠየቀቻት። ሮዳም ግራ ተጋባች። «እኔ የገባውን ጭነት ሁሉ አግጄ ምርመራዬን እጨርሳለሁ፤ ተመልሼ ስገባ ተለቆ አገኘዋለሁ። ጃማዕ የለቀቀው ይመስለኝ ነበር» አለች። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ዓመት ሲሠሩ አንዱ በሌላው ተማምነው ነው የኖሩት። ሰነድ ብዙውን ጊዜ ከምርመራው በኋላ ስለሚደርስ ነገሩ ሳይታወቅ ቆየ። ለወተቱ ግን ሰነዱ ቀደመ።

ረፋዱ ላይ ኢጋል አስጠራት። ቢሮው በር ላይ ሁለት የጭነት መኪና ባለቤቶች ቆመዋል፤ ሲያዩዋት ዞር አሉላት።

«ኮዱን እንዳትነኪው አላልኩሽም?»

«አልነካሁም። የራሴን ፕሮፋይል ነው የቀየርኩት። ማንኛውም ሠራተኛ የራሱን መቀየር ይችላል።»

«መልሺው።»

«የኔን አልመልስም» አለች። «ግን እርስዎ ይችላሉ። በስምዎ ይግቡ፤ ከላይ ለድርጅቱ በሙሉ የተቀመጠ አለ፣ እሱን «አዎ» ያድርጉት። የኔን ደግሞ ያጥፉት፤ ሥልጣን አለዎት። ያን ጊዜ መኪኖቹ ይሄዳሉ። ያዘዘው ማነው ሲባል የእርስዎ ስም ይታያል።»

ኢጋል ገጹን እንድትከፍትለት አደረገ። በስሙ ገባ። እጁን ማውሱ ላይ አሳረፈ። «አይ» የሚለውን አየ፣ ከጎኑ «አዎ» የሚል ምርጫ ወርዷል። ውጪ አንድ መኪና ክላክስ ነፋ። ኢልዋድ የጣቱን ጫፍ ታያለች፤ ከተጫነው ነገሩ እንደገና ይጀምራል፣ ልዩነቱ ትእዛዙ በሱ ስም መሆኑ ብቻ ነው። አልተጫነውም። የዝሁር አዛን ተሰማ፤ ተነሥቶ ወደ መስጊድ ወጣ። ገጹ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

ሲመለስ ለሮዳ ራሱ ደወለላት። «በዓይንሽ ያየሽውን ልቀቂ» አላት። «ያላየሽውን ተዪው። በስምሽ ነው፣ ገባሽ?»

ያን ቀን ከመኪኖቹ ግማሹ ብቻ ወጣ። ሌላው በማግሥቱ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። ነጋዴዎች አጉረመረሙ። ሮዳ አንድ ረዳት ጠየቀች፣ ተሰጣት። ለኢልዋድ ማንም ምንም አላላትም፤ አልተመሰገነችም፣ አልተቀጣችም። ጃማዕ ግን መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታው አጠረ።

መርማሪዎቹ ወር ያህል ቆይተው ሄዱ። ኢጋል የጻፈው እንደጻፈው ነው የሄደው፤ አንዲት ሠራተኛ ተሳስታለች፣ ተገሥጻለች፣ አሠራሩ ተሻሽሏል። የዋርሳሜ ቃል አልተሰበረም። ደብዳቤው ፋይሏ ውስጥ ነው። ኮዱን ላስተካክል ብላ በጽሑፍ ጠየቀች፤ «ከሚቀጥለው በጀት በኋላ እናየዋለን» ተባለች። ስለዚህ ፕሮግራሙ አሁንም በየሰዓቱ ይነሣል፣ ማነህ ሲባል 1043 ይላል፣ እሷን ይጠይቃል፣ «አይ» ትለዋለች፣ ይተኛል።

ድሬዳዋ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። በዋጃሌ ድንበር ተሻግራ፣ በጅጅጋ አድርጋ ማታ ደረሰች። እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ፋሻው ከተነሣ ቆይቷል። ኢልዋድን አገጯን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረቻት፣ ብዙ አየቻት።

«ከስተሻል» አለቻት።

«ድሮስ በደንብ መች ታዪኝ ነበር?»

እናቷ ሳቀች። በነጋታው ቀፊራ አብረው ዋሉ፤ ኢልዋድ ልብስ አጣጠፈች፣ ዋጋ ተከራከረች። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ እናቷ ወንበሯን አስጠግታ «ለምን እዚህ አትቀሪም?» አለቻት። «አንድ ባንክ ሰው ይፈልጋል አሉ፣ በኮምፒውተር።»

ኢልዋድ ስለ ባንኩ ሰምታ ነበር። ሥራውን ከጠየቀች ለቀድሞ አለቃዋ እንደሚደውሉ፣ ሲደውሉ ኢጋል ጥሩ ልጅ ናት፣ አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተችው እንደሚላቸው፣ ያን የሚላቸውም ከልቡ እሷን ለመርዳት ብሎ እንደሚሆን ለእናቷ ነገረቻት።

«እና ይህን ካሉ ምን አለበት? ሰው ይሳሳታል እኮ» አለች እናቷ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ እማዬ።»

እናቷ ሌላ አልጠየቀቻትም። ቀስ ብላ እጇን ያዘቻትና አብረው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። አርብ ኢልዋድ ቦርሳዋን ይዛ መናኸሪያ ሄደች። ከዋጃሌ ባለፈች ጊዜ የሐርጌሳው ሲም መሥራት ጀመረና የሮዳ መልእክት ገባ፦ አንድ የዘይት ጭነት አለ፣ ሁለት ጀሪካን ክዳኑ ላልቷል፣ ሌላው ደኅና ይመስላል፣ ምን ላድርግ? ኢልዋድ መልሳ ጻፈችላት፦ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» መኪናው አቧራውን እያስነሣ ሄደ። ሮዳ ሳትመልስ ብዙ ቆየች። ከዚያ «አልለቅም፣ ፈርቻለሁ» የሚል መጣ፤ ኢልዋድም «እሺ፣ ነገ አብረን እናየዋለን» አለቻት።